ለመሪጌታ ይርሳው የተላከ ባሕር

ሞምባሳ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ይርሳው፣ ቢቸና

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? የፍልሰታን መግቢያ እንዴት ተቀበሉት? ጉልበትዎስ? እኛ ሦስታችንም፣ እኔም ጓደኞቼ ሰብለ ወንጌልና ጸደንያም፣ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። «መንገድ በላሽ ወይስ አገር?» ብለው ላስጠየቁኝ፣ ሁለቱም አልበሉኝም፤ ደርሻለሁ። ሳልጽፍ ስለቆየሁ ግን ይቅር ይበሉኝ። ከሞያሌ ወዲህ ያለው አውቶቡስ እንኳን ብዕር ሊያስይዝ ጥርስ ከጥርስ ያጋጫል።

ድምፄን በስልክ ልላክልዎ ስል «ድምፅ ነፋስ ነው፤ ደግመሽ አንብቢልኝ አይባልም» ስላሉኝ፣ እንደ ቃሌ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ለሊድያ ስልክ እልካለሁ። ሊድያ፣ በጤና ጣቢያችሁ ኢንተርኔቱ ሲመጣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። የእኛ ግቢ ተከራይ ብትሆኚም አሁን ዓይናቸው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አየሁት።

ከናይሮቢ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጎሕ ሲቀድ ሞምባሳ አራገፈን። ታክሲ እንያዝ ስንል ሰብለ ወንጌል «እግር የተሰጠን ለምንድን ነው?» አለች። የሂሳብ አስተማሪን ገንዘብ ያዥ ያደረገ ሰው ይህን ይቀበላል። በሶና ሽሮ የሞላ ሻንጣ ተሸክመን ስንሄድ መጀመሪያ ድምፁ መጣ። የሰኔ በረዶ ከሩቅ ሰፈር ቆርቆሮ ቆርቆሮውን እየመታ ሲመጣ ያውቁ የለ? እንደዚያ ነው፤ ግን መጣ መጣ ሲሉት አይደርስም፣ አያባራምም። ከዚያ ቤቶቹ አለቁ። መንገዱ አለቀ። ወዲያው አገሩ ራሱ አለቀ።

አባቴ፣ የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሲቆሙ የቱንም ያህል ቢጠልቅ ማዶ ወሎ አለ። ሰው ማዶውን አይቶ ነው የሚጽናናው። ይህ ማዶ የለውም። እስከ ሰማይ ድረስ ውሃ ነው፤ ፀሐይዋም የወጣችው ከውሃው ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ሞጣ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር «ከምድር ገጽ ከመቶ ሰባ አንዱ እጅ ውሃ ነው» እያልኩ ተማሪ አጽፌያለሁ። ምን እያልኩ እንደነበር የገባኝ ዛሬ ነው።

ጸደንያ እልል አለች። እኔ ጫማዬን አወለቅሁ። ማን አውልቂ አለኝ? የቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረስኩ መስሎኝ ነው። ተንበርክኬ በስመ አብ አልኩና እንደ ጠበል በእፍኜ ዘግኜ ጠጣሁ። ጨው መሆኑን ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሴት ጠጣሁት። ጉሮሮዬ እስካሁን ያቃጥለኛል። ግን ጾም ነው፤ ሰዓቱም ገና ማለዳ ነበር። ጾሜን ሽሬያለሁ ወይ? ይፍረዱኝ።

ሳልሄድ በፊት «ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» ያሉኝን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ላንሣና ይቆጡኝ። የዓይን ሐኪሞቹ ነሐሴ 8 ሞጣ ይገባሉ፤ እስከ 12 ይቆያሉ። የእርስዎ የዓይን ሞራ ነው፣ የሚገፈፍ ነው ብለዋል ያዩዎት ሁሉ። የቀኙ ዓይን ከዘገየ እንደማይድንም ነግረውናል። ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። የቤቴ ቁልፍ ሞጣ ከአከራዬ ከወይዘሮ ፋንታነሽ ዘንድ ነው። ዛሬ ያየሁትን ካየሁ በኋላ፣ እርስዎ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው እኔ ብቻዬን ይህን ማየቴ ነውር መስሎ ተሰማኝ።

ልጅዎ ንጋት


ቢቸና፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባሕር ለጠጣችው ለልጄ ለንጋት

ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ደኅና ነኝ። እጁ የሊድያ ነው፣ ቃሉ የእኔ። ከቃሌ ብትቀንሺ ኪራይ እጨምርብሻለሁ ብያታለሁ። (ባለፈውም ብለው አልጨመሩም። ሊድያ)

እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ግን ከጠየቅሽኝ ልፍረድ። ጠበል ጾም አይሽርም፤ ነገር ግን ያንን ማን ባርኮት ነው ጠበል ያልሽው? ያልተባረከ ውሃ ውሃ ነው። ደግሞም ሰው ጾም የሚሽረው ወዶ፣ ጣፍጦት ነው። አንቺ የጠጣሽውን ጠጥታ ደስ ያላት ሴት እስከ ዛሬ አልተሰማችም። ስለዚህ አልሻርሽም። ደግመሽ ከጠጣሽ ግን ሞኝነት ነውና ለእሱ ቀኖና የለም።

ሊድያ «ማዶ የለውም» የምትለዋ ላይ ስትደርስ አስቆምኳት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። እኔ በማኅሌት ስለ ባሕር ስንት አዚሜያለሁ፣ በቅኔ ስንቴ ባሕር ገብቼ ወጥቻለሁ። በሐሳቤ ግን ሁልጊዜ ማዶ ነበረው። አባይን አግንኜ ኖሯል የማስበው። አርባ ዓመት ባሕር እያልኩ ወንዝ ሳስተምር ኖርኩ ማለት ነው። ተማሪዎቼን ሰብስቤ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ክረምት ነው፣ ብዙዎቹ አገራቸው ገብተዋል።

የዓይኑን ነገር አንሥተሻል። እኔም አንድ ጊዜ ልመልስና ይብቃን። መጀመሪያ ነገር ፍልሰታ ነው። ሐኪም የነካው ዓይን ጎንበስ ማለት አይወድም ይላሉ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ በፍልሰታ ሳልሰግድ የዋልኩበት ቀን የለም፤ በስተርጅናዬ እመቤቴ ፊት እንደ ግንድ ልገተር? የኔታ ፋንታንም አስቢ። ባልንጀራዬ ጭላንጭል ይዞ ሄዶ ጨለማ ይዞ መጣ። ለመሆኑስ ምን ጎደለኝ? መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። ጎበዙን ተማሪ በድምፁ፣ ሰነፉን በዝምታው እለየዋለሁ። የምሻው ሁሉ በቃሌ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ብርሃንም ሲርቅ እንደዚያው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ይህን ሁሉ ጽፈሽ ቀለሙን አልነገርሽኝም። ምን ዓይነት ነው?

አባትሽ ይርሳው


ኪሊፊ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣ ለፍርዱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰብለ ወንጌል «አልሻርሽም» የሚለውን ስታነብ ቅር አላት፤ እሷ ሽረሻል ብላ ከፈረደችብኝ ሰንብታለች።

«ምን ትበላላችሁ?» ብለው በሊድያ ላስጠየቁኝ፣ አይስጉ። እዚህ ባቄላውን በኮኮናት ወተት ይቀቅሉታል። ስሙ ወተት ይሁን እንጂ ከዛፍ ነው፤ ጾም ነው። ትናንት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እንግዶች ናችሁ ብለው ክንድ የሚያህል ዓሣ ሰጡን። በስንት መከራ እንደማንበላው አስረዳናቸው። እሳቸው እስላም ናቸው፣ ጾም ሲሉ ገባቸው፤ ዓሣውን ወስደው ሙዝ አመጡልን።

የምንሄደው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ነው፤ ርካሽ ነው። ሦስት ሰው በሚያስቀምጠው ወንበር አምስት ሆነን፣ ሙዚቃው የሞተ ሲቀሰቅስ፣ ባሕሩ በቀኝ በኩል ከዛፎቹ መሐል ብቅ ጥልቅ ይላል። ብቅ ባለ ቁጥር ሦስታችንም ወሬ እናቆማለን። አገሬው እኛን አይቶ ይስቃል። እኔ ደግሞ እነሱ ነገሬ ሳይሉት ስልካቸው ላይ ማቀርቀራቸው ይገርመኛል።

አሁን ቀለሙን። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግልዎ ነበር። አንድ አይደለም። ጎሕ ሲቀድ አመድማ ነው፣ እንደ አህያ ጀርባ። ፀሐይ ወጣ ስትል ዳር ዳሩ እሸት ሽምብራ ይመስላል። ቀትር ላይ ነው ጉዱ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ለመስቀል ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ፣ ከየጥኖራ ወዲያ በቅሎዋን አቁመው የተልባ ማሳ አሳይተውኝ ነበር። አበባው ገና ወጥቶ፣ ነፋስ ሲነካው ማሳው አንድ ላይ ጎንበስ ቀና ሲል። «ይሄውልሽ፣ ሰማይ ወርዶ አርፎበታል» አሉኝ። ያንን ማሳ ይያዙት። ከዚያ ድንበሩን ሁሉ ያፍርሱት። ባሕሩ ያ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ነበር፣ ቃሌን አፍርሻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። የኔታ ፋንታ ዓይናቸውን ያጠፋው ሐኪም አይደለም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ፋሻውን በሦስተኛው ቀን ፈትተው ማኅሌት ቆሙ፣ ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱ፣ ሲነጋ በጠበል አጠቡት። አትንኩ የተባሉትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ጨረሱት። ድፍረት አይሁንብኝና «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የስግደቱን ነገርስ የንስሐ አባትዎን ቄስ ስጦታውን ጠይቀዋል? የጠየቁ አይመስለኝም።

ንጋት


ቢቸና፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ንጋት ልጄ፣

ዛሬ ቀልድ የለኝም።

ሊድያ ደብዳቤሽን አነበበችልኝ። «ያንን ማሳ ይያዙት» ብለሻል። ልይዘው ሄድኩ። ማሳው አለ። በቅሎዋ አለች። አንቺ ከፊቴ ተቀምጠሽ ጸጉርሽ አገጬን ሲነካኝ እንኳ ይሰማኛል። አበባው ግን ቀለም የለውም። አበባ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሰማይ ማለቴንም አስታውሳለሁ፤ ሰማዩም ቀለም የለውም። ሌሎቹን ጠራሁ። ቢጫ አለ፤ አደይ አበባ ስል ይመጣል። ቀይ አለ። ጥቁርማ ሞልቶኛል። ሰማያዊ የለም። ስሙን እጠራለሁ፣ ስሙ ባዶውን ይመጣል። መቼ ከእኔ ተለይቶ እንደሄደ አላወቅሁም።

ፈራሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ሌላስ ምን ሄዷል ብዬ ፊት መፈለግ ጀመርኩ። እናትሽ ውቢት አለች፤ ነፍሷን ይማርና እንደ ነበረች ናት። ፋንታም አለ። ወደ አንቺ ስመጣ የመጣችው የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ጸጉሯን ሁለት ላይ ተሠርታ። እሷም ጠጋ ስላት ፊቷ ይደበዝዛል። የአሁኗ ንጋት፣ አስተማሪዋ፣ ባሕር የጠጣችው፣ ድምፅ ብቻ ናት። ልጅ አሳድጌ መልኳን አላውቀውም። ባለፈው ምን ጎደለኝ ብዬሽ ነበር፤ ትዕቢት ነበር።

ሐኪሞቹ የሚቆዩት እስከ መቼ ነው ያልሽው? ለሌላ አይደለም። ሊድያ እነሱን ልታግዝ ሞጣ ትሄዳለች ስለተባለ፣ ቤት የሚጠብቅ ሰው ልፈልግ ነው። (እንዲህ ብለሽ ጻፊ ስላሉኝ ጻፍኩ። ሊድያ)

አሁን ምን ትመስያለሽ? ጻፊልኝ።

ይርሳው


ዋታሙ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ደብዳቤዎን አሸዋው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ጸደንያና ሰብለ ወንጌል ምን ሆነሽ ነው ብለው መጡ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ሰብለ ወንጌል እንባዋን እንዳናይባት ዳቦ ልግዛ ብላ ሄደች፤ ዳቦ ግን ነበረን።

«ምን ትመስያለሽ?» ላሉኝ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ጠይም ነኝ፣ ረጅም ነኝ፣ አፍንጫዬ የእማዬ ነው ይላሉ። ይህን የሚመስሉ ሴቶች ከሉማሜ እስከ ሞጣ ሞልተዋል። ጸደንያን ንገሪኝ ብላት «ስትቆጪ አባትሽን ትመስያለሽ» አለችኝ፤ አባቴን አይታቸው አታውቅም። ባሕሩን መጻፍ ይቀላል። መልኬን አልቻልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ።

ስለዚህ የቻልኩትን ልንገርዎ። ዛሬ ባሕሩ ሄደ። ማለዳ እግራችን ሥር የነበረው ውሃ ረፋድ ላይ የለም። ጨረቃ ስባው ነው፤ ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ሥዕል ሠርቼ አሳያለሁ። ሥዕሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች፣ በቃ። እዚህ ግን የቢቸና ከተማ ሙሉውን የሚያርፍበት መሬት ከውሃ ውስጥ ብቅ ብሎ፣ ሰው በእግሩ እየሄደበት፣ ሴቶች እንቅብ ይዘው ከድንጋዩ ሥር ስሙን የማላውቀውን ነገር ይለቅማሉ። እኛም ገባን። ትናንት ጀልባ ባለፈበት ላይ በባዶ እግሬ ሄድኩ። ሳናውቀው ሦስታችንም ድምፃችንን ቀንሰን ነበር የምናወራው። ማንም ዝም በሉ አላለንም።

እስከ 12 ነው አባቴ። እስከ 12 ብቻ። ቤት የሚጠብቅ ሰው ካገኙ ሊድያ መቀመጫ ትያዝልዎ።

ንጋት


ሞጣ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ንጋት ሆይ፣ ደኅና ነኝ፤ አታስቢ።

ብርድ ቢጤ መትቶኝ ለሌሊቱ የሰዓታት ጸሎት አልሄድኩም። አልሰገድኩምም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ብርድ ነው። ሐሳቤ ሁሉ ያ የሄደው ባሕር ላይ ነው። ተመለሰ ወይ? ሳትጽፊው ዘጋሽው እኮ።

ይርሳው

(ንጋት፣ እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል። እኛ ቤት ቃል ከተገባ ተገባ ነው። ደብዳቤ ላይ ቦታና ቀን መጻፍ ግን ደንብ ስለሆነ ጽፌያለሁ። ሊድያ)


ማሊንዲ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣ ተመልሷል። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፣ ቀስ ብሎ፣ የሄደበትን ድንጋይ ሁሉ አንድ በአንድ እየሸፈነ። ሁልጊዜም ይመለሳል።

እርስዎ ግን ሞጣ ምን ያደርጋሉ? ብርድ የመታው ሰው ከቢቸና ሞጣ ድረስ በክረምት አይሄድም። ሊድያ፣ ቃልሽን አክብሪ፣ አልቃወምሽም፤ ግን ትናንት «ሞጣ» የሚለውን ካየሁ ወዲህ እጄ ምግብ አልነካም። አንድ ቃል ጻፉልኝ። ከሆነ ሆነ፣ ካልሆነም አልሆነም በሉኝ። ካልሆነ እኔ ነኝ የገፋፋሁዎት፤ ፊትዎን በምን ዓይኔ አያለሁ?

ነገ ላሙ ወደምትባል ደሴት ልንሄድ ነበር። ትተነዋል። እኔ ሳልለምናቸው ሰብለ ወንጌል ራሷ ሻንጣዋን አሠረች።

ከዚህ ጋር ፎቶ አለ። ዛሬ ጠዋት ባሕሩ ዳር አንድ መንገደኛ ነው ያነሣን። ለእርስዎ ልላከው ወይስ ለሊድያ፣ አላውቅም። ላክሁት ብቻ።

ንጋት


ሞጣ፣ ከቤትሽ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ንጋት ልጄ፣

አስጨንቄሻለሁና ይቅር በዪኝ። ባይሆንልኝ ዝም ብዬ ቢቸና ልመለስና ብርድ ነበር ልልሽ ነው ያሰብኩት። ካለቀ ወዲያ ቢነገርሽ ይሻላል ብዬ ነው።

ቄስ ስጦታውን ጠየቅኋቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «ይርሳው፣ እመቤታችን የምትቆጥረው ወገብህን ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ፤ ስግደቱን በጸሎት ለወጡልኝ። ቀኝ ዓይኔን ሠሩት። ግራው አልተቻለም፣ ከውስጥ ነው የሞተው አሉኝ። ፋሻው የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ነው፣ ከዚያ ነጩ ውስጥ ሰው ቆሟል። ሊድያ ናት። በድምፅዋ ትልቅ ሴት አድርጌ ነበር የያዝኳት፤ ለካ አንድ ፍሬ ልጅ ናት። እንዲህ ናት ብሎ የነገረኝ የለም። (አልቅሰናል፣ ሁለታችንም። ይህን አላጻፉኝም። ዓይናቸውን እንዳያሹ እጃቸውን ያዝኩ። ሊድያ)

ወይዘሮ ፋንታነሽ ቤትሽን ከፈቱልኝ። ጠረጴዛሽ ላይ በጣት ሲነኩት የሚዞር ክብ ነገር አገኘሁ። ሊድያ ምድር ናት አለችኝ። ተጠጋሁ። ተመልሷል ልጄ፤ ሰማያዊው ተመልሷል። «ይህ ምንድን ነው?» አልኳት። «ባሕር» አለች። «ይሄኛውስ?» «እሱም ባሕር።» አዞርኩት፤ አሁንም ባሕር። የብስ የታለ እስክል ድረስ ባሕር። ኢትዮጵያን አሳዪኝ አልኳት። አሳየችኝና አውራ ጣቴን አሳረፍኩባት፤ ተሸፈነች። ቢቸናም፣ ሞጣም፣ አባይም፣ የኖርኩበት ዕድሜ ሁሉ ከጣቴ ሥር ነው። ተቀመጥኩ። የሠራውን ጌታ ስም ልጠራ ብዬ ለጊዜው ቃል አጣሁ፤ እኔ ቃል አጥቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ፎቶው መጣ። ሊድያ በስልኳ አስፍታ ሰጠችኝ። ሦስት ሴቶች ቆማችኋል። አንደኛዋ ነጠላ ተከናንባለች፣ አንደኛዋ መነጽር አድርጋለች፣ አንደኛዋ ፀሐዩን በእጇ ጋርዳለች። ሦስታችሁም ጠይም፣ ሦስታችሁም ረጃጅም ናችሁ።

የትኛዋ አንቺ እንደሆንሽ አላወቅሁም።

ሊድያ ጣቷን ልትሰነዝር ስትል እጇን ያዝኩት። እንዳትነግሪኝ አልኳት። ከትናንት ጀምሬ አያችኋለሁ። ጠዋት ባለነጠላዋ ናት እላለሁ፣ ስለ እናትሽ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ የጋረደችው ናት እላለሁ። ቢጨንቀኝ ሦስታችሁንም ስሜያችኋለሁ፤ አንዷ አትጠፋም። ከኋላችሁ ባሕሩ አለ ትለኛለች ሊድያ። ይሆናል፤ እኔ ገና ከእናንተ አላለፍኩም።

መንገዳችሁን መልአክ ይምራው። ቢቸና አልሄድም፤ እዚሁ እጠብቅሻለሁ። ስትደርሺ «አባቴ» እንዳትዪኝ። ድምፅሽን ከሰማሁማ አውቅሻለሁ፤ በድምፅ ማወቅ በቅቶኛል። ሦስታችሁም አብራችሁ ግቡና በሩ ላይ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ቶሎ ባልለይሽም አትናገሪ፤ ታገሺኝ።

አባትሽ ይርሳው